ኮምጣጣው አፕል አይቆረጥ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ደሴ ዙሪያ፣ ደጋው ላይ ስላለው የቅሬያችን (የመንደራችን እድር) የፍራፍሬ ማሳ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ወጥቷል። ጸሐፊው የአካባቢው ሰው ናቸው። ለማሳው እንደሚቆረቆሩም ከጽሑፋቸው ይታያል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ መሐል ላይ የቆመው አሮጌው ኮምጣጣ አፕል ተቆርጦ በቦታው አና የተባለው ጣፋጭ የአፕል ዝርያ አሥር ችግኝ ይተከል። ስድስት ምክንያት አቅርበዋል። ፍሬው ስለሚኮመጥጥ አይበላም። ዛፉ ስላረጀ አያፈራም። ከውጭ የመጣ ስለሆነ የእኛ ቅርስ አይደለም። ተባይ ያራባል። ቦታ ይዟል። ለዝርያው የሚሳሳ ካለ ደግሞ ዘሩን ወስዶ ጓሮው ይትከል።

ለስድስቱም መልስ አለኝ። ቅደም ተከተላቸውን ግን አልጠብቅም። የመጨረሻው፣ የዘሩ ነገር፣ ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያመጣው ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ጸሐፊው ዛፉ ቢቆረጥም ዝርያው አይጠፋም፣ ዘሩን አስቀምጦ በፈለጉ ጊዜ መትከል ይቻላል ይላሉ። ለጤፍ ቢሆን ልክ ነው። ለገብስም ልክ ነው። ሁለቱም በአብዛኛው በራሳቸው የአበባ ብናኝ ስለሚያፈሩ ልጁ እናቱን ይመስላል። አፕል ላይ ግን አይሠራም። አብዛኛው የአፕል ዝርያ የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ንብ ከሌላ ዝርያ አበባ ብናኝ ካላመጣችለት በቅጡ አያፈራም። ስለዚህ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር የሁለት ወላጅ ልጅ ነው። አንድ አፕል አግድም ቢቆረጥ መሐሉ ላይ አምስት ክፍል ይታያል። በየክፍሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ዘር አለ። አሥሩም ቢተከሉ አሥር የተለያዩ ዛፎች ይወጣሉ። አንዱም እናቱን አይሆንም። አብዛኞቹ ፍሬያቸው ትንሽ ወይም ጣዕሙ የማይረባ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ደግሞ ብዙ ዓመት መጠበቅ አለ። ከዘር የበቀለ አፕል እስኪያፈራ ስድስትና ሰባት ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያም በላይ የሚቆይ አለ።

የእኛው ዛፍ ላይ ነገሩ ይብሳል። ፍሬውን የከፈተ ሰው ያውቀዋል፤ ዘሩ አብዛኛው የተጨማደደና ባዶ ነው። ተራው አፕል በየሕዋሱ 34 ክሮሞዞም (የዘር ውርስ ተሸካሚ) አለው። 51 ያላቸው ዝርያዎችም አሉ። እነዚህኞቹ ዛፋቸው ግዙፍ፣ ፍሬያቸውም ትልቅ ይሆናል። ብናኛቸው ግን ደካማ ነው፤ ከዘራቸውም ብዙው አይበቅልም። የእኛው ዛፍ የእነዚህን ምልክት ሁሉ ያሳያል፦ ወፍራም ግንድ፣ ትልቅ ፍሬ፣ ባዶ ዘር። ዘሩን ወስዶ ይትከል የተባለው ሰው ባዶ እጁን ነው የተሸኘው።

የአፕል ዝርያ የሚቆየው በማዳቀል ነው። ከዛፉ ላይ እርሳስ የሚያክል የአንድ ዓመት ቀንበጥ ይቆረጣል። ሥር በያዘ ሌላ የአፕል ግንድ ላይ በሰያፍ ተቆርጦ ይገጠማል። የሁለቱ አረንጓዴ ሽፋን፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ቀጭኗ፣ ፊት ለፊት እንድትገናኝ ተደርጎ ይታሰራል። ከያዘ በኋላ ከላይ የሚያድገው ዛፍ ያው የድሮው ነው። ጣዕሙም ጠባዩም አይለወጥም። ገበያ ላይ የምናውቀው የተዳቀለ አቮካዶ የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው። ከማሳችን ኮምጣጣ አፕል ላይ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀንበጥ አልተቆረጠም። ስለዚህ ዝርያው፣ በእኛ አቅም ልንደርስበት በምንችለው ቦታ፣ ያለው በዚያ በአንድ ግንድ ላይ ነው።

እንግሊዝ አገር ሳውዝዌል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1809 ሜሪ አን ብሬልስፎርድ የምትባል ወጣት የአፕል ዘር እዚያ ተከለች። ከበቀሉት አንዱ በጓሮው አደገ። በ1846 ቤቱን ማቲው ብራምሌይ የሚባል ሥጋ ሻጭ ገዛው። በ1856 ሄንሪ ሜሪዌዘር የሚባል ገና ወጣት የችግኝ ባለሙያ ፍሬውን አየና ቀንበጥ ልውሰድ ብሎ ጠየቀ። ብራምሌይ ፈቀደ፤ ዝርያው በእኔ ስም ይጠራ የሚል ቃል ግን አስገባው። የማብሰያ አፕል ሲባል ዛሬ እንግሊዞች በመጀመሪያ የሚጠሩት እሱን ነው። በየትም ቦታ ያለ የብራምሌይ ዛፍ ሲወርድ ሲዋረድ የዚያ የአንዱ ዛፍ ቁራጭ ነው። ብራምሌይም 51 ክሮሞዞም ያለው ስለሆነ በዘር ልቀጥለው ቢሉት አይሆንም ነበር። እናት ዛፉ በ1900 በማዕበል ወድቆ ከወደቀበት እንደገና አቆጠቆጠ። በኋላ ዘመን ደግሞ ሥሩን ፈንገስ ያዘው። ዝርያው ያልጠፋው ያ ወጣት በጊዜ ቢላ ይዞ ስለሄደ ነው። (ዘሩን የተከለችው የሜሪ አን ስም አለመውጣቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ዛፉ የእሷ ነበር።)

የኒውተን ዛፍም ያው ነው። ዉልስቶርፕ ያለው፣ የስበትን ነገር አሳሰበው የሚባለው ዛፍ፣ ፍላወር ኦፍ ኬንት የተባለ የማብሰያ ዝርያ ነው። በ1820 በነፋስ ወደቀ፤ ተመልሶ ተነሣ። ዛሬ በየአገሩ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ልጆቹ ቆመዋል። ሁሉም የተዳቀሉ ናቸው።

ይህን ነገር ወሎ ከማንም ቀድሞ ሊረዳው ይገባል። በ1977ቱ ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን በልቷል። ልጅ እየራበው ዘር የሚያስቀምጥ ወላጅ የለም። ዝናቡ ሲመለስ ብዙ ቤት የአባት የአያቱን ዘር አጥቶ ነበር። በዚያ ዘመን የአገሪቱን የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። የአገር ዘር እንዲሰበሰብ፣ እንዲጠበቅ፣ ተመልሶም በገበሬው እጅ እንዲገባ ደከሙ። ከወሎና ከሸዋ ገበሬዎች ጋር ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። እህል እንዲህ ሊመለስ የቻለው ዘሩ ደርቆ፣ ቀዝቅዞ፣ በትንሽ ቦታ ለዓመታት ስለሚቀመጥ ነው። የአፕል ዝርያ በዘር አይቀመጥም። እንግሊዝ ውስጥ ኬንት፣ ብሮግዴል በተባለው ቦታ የአገሪቱ የፍራፍሬ ስብስብ አለ፤ ከ2,000 በላይ የአፕል ዝርያ እዚያ የሚጠበቀው በቆመ ዛፍ ነው። እኛ ዘንድ ያለው የቆመ ዛፍ አንድ ነው። እሱን ቆርጠን ከአሥር ዓመት በኋላ ብንጸጸት መልሶ የሚሰጠን መሥሪያ ቤት የለም።

አሁን ወደ ጣዕሙ እንምጣ። ጸሐፊው ፍሬው ተገምጦ አይበላም ይላሉ። እውነት ነው፤ ጥርስ ያጠርሳል። ግን ይህ ዛፍ ተገምጦ እንዲበላ የተያዘ ዛፍ አይደለም። አፕል ሁለት ወገን ነው፦ እንዳለ የሚበላና ተቀቅሎ የሚበላ። የሚቀቀለው ማሊክ አሲድ የሚባለው ኮምጣጣ ነገር ይበዛበታል። እሳት ሲነካው ሥጋው ይፈርሳል። ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ጠብታ ውኃ ተደርጎበት ለስ ባለ እሳት ላይ ቢቀመጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ አረፋ ይነፋና ይልማል። ማማሰያ እንኳ አይፈልግም። ስኳር ከገባበት በኋላ ኮምጣጣነቱ ጣፋጩን ይሸከመዋል፤ የአፕሉም ጠረን ሳይጠፋ ይቆያል። አናን በዚሁ መንገድ ቀቅሉት። ቁርጥራጩ ብዙም አይልምም። ውኃ ያወጣል። ጣዕሙ ስኳር ብቻ ይሆናል። አና ለጥሬው ደስ የሚል ፍሬ ነው፤ ለድስት ግን አልተፈጠረም።

የሰፈራችን ሴቶች ይህን ያውቃሉ። ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል አድርገው ያበስሉታል። በረመዷን ለማፍጠሪያ ከዳቦ ጋር ይቀርባል። በሁዳዴ ቅቤና ወተት በሌለበት ጊዜ ደግሞ የክርስቲያኑ ልጆች ቂጣ ላይ ቀብተው ይበሉታል። ወሎ ውስጥ ሁለቱም ቤት በአንድ ቅሬ ነው የሚኖረው። ያ ፍሬም በሁለቱም ማዕድ ላይ ቦታ አለው። ጸሐፊው አይበላም ያሉት ምናልባት ድስቱን ሳያዩ ይሆናል።

ከማርማላታ ጋር የተያያዘ አንድ ነገርም አለ፤ ከሁሉም በላይ እንዲታወቅ የምፈልገው እሱን ነው። ማርማላታ የሚረጋው ፔክቲን በሚባል ነገር ነው። ፔክቲን ከፍራፍሬ ፍራፍሬ ይለያያል። ኮምጣጣ አፕል ይበዛበታል፤ በተለይ ልጣጩና የዘር ቤቱ። ኮክ ግን ያንሰዋል። ኮክ ደግሞ እኛ አገር በክረምት ይትረፈረፋል። በየጓሮው አለ። ከሚበላው የሚበሰብሰው ይበዛል። ማርማላታ ልሥራ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አልረጋ ብሎት ሽሮፕ ሆኖ ይቀርበታል። አለዚያ እስኪረጋ ብሎ ሲያፈላው ጠረኑ ይተናል፤ መልኩም ይጠቁራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የኮምጣጣውን አፕል ልጣጭና የዘር ቤት ቀቅሎ፣ በጨርቅ አጥልሎ፣ ውኃውን ከኮኩ ጋር ማፍላት። ይረጋል። ውኃውን በጠርሙስ አፍልቶ ማስቀመጥም ይቻላል። ይህ ማለት አንዱ ኮምጣጣ ዛፍ የመንደሩን ሁሉ ኮክ ከመበስበስ ሊያድን ይችላል ማለት ነው። ከዚያ የተረፈው ልጣጭ በእንስራ ውኃና ትንሽ ስኳር ቢደረግበት አቼቶ ይወጣዋል።

ስለ ገበያም ጸሐፊው አንስተዋል። ገበያው የሚፈልገው ጣፋጩን ነው ብለዋል። ደሴ ገበያ ላይ ጣፋጭ አፕል ከውጭ ከሚገባውና ከጨንቻ ከሚመጣው ጋር ነው የሚፎካከረው። የሚያብረቀርቀው የውጭ አፕል አጠገብ የእኛ ትንሽ አና ስትቀመጥ ገዢው ወዴት እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። የማብሰያ አፕል ግን እዚያ ገበያ ላይ ማንም አይሸጥም። ተወዳዳሪ የለውም። ቅሬው ውስጥ ማርማላታ አሽገው ሊሸጡ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ፤ ጥሬ ዕቃቸው ማሳው ላይ ቆሟል።

ያረጀ ስለሆነ አያፈራም የሚለውን ልመልስ። በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ ፍሬው ቀንሷል። ምክንያቱ ግን ዕድሜ አይመስለኝም። ከጎኑ ሌላ የአፕል ዛፍ ነበር። አጥሩ ሲሠራ መንገድ ላይ ነው ተብሎ ተቆረጠ። ፍሬው የቀነሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከላይ ያልኩትን ያስታውሱ፦ አፕል የጎረቤት ብናኝ ይፈልጋል። ጎረቤቱን ገድለን ዛፉን አላፈራህም ብለን ልንፈርድበት አይገባም። ብራምሌይን የሚተክል እንግሊዛዊ ገበሬ አጠገቡ ሁለት ሌሎች ዝርያዎች ይተክላል። አንዱ ለብራምሌይ ብናኝ ይሰጣል። ብራምሌይ ግን ለዚያኛው መልሶ የሚሰጠው ደህና ብናኝ ስለሌለው ሁለተኛው ያስፈልጋል። አናም ቢሆን ብቻዋን አትተከልም። አብዛኛውን ጊዜ ዶርሴት ጎልደን የተባለውን ዝርያ አጠገቧ ያደርጉላታል። የጸሐፊው አሥር የአና ችግኝ፣ ሁሉም አና ሆነው ቢተከሉ፣ አበባ ሞልተው ፍሬ የማጣት ዕጣ ይገጥማቸዋል። ይህን ጽሑፋቸው አላነሳም።

ፍሬ የሚያሳንሰው ሁለተኛው ምክንያት ቅዝቃዜ ነው። አፕል የብርድ አገር ዛፍ ነው፤ እንቡጡ እንዲነቃ የተወሰነ ሰዓት ቅዝቃዜ መቁጠር አለበት። ብዙዎቹ የሰሜን ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ በታች ወይም እዚያው አካባቢ 800፣ 1,000 ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። አና እስራኤል ውስጥ፣ ዶርሴት ጎልደን ባሃማስ ውስጥ የተገኙ ናቸው፤ በጥቂት ቅዝቃዜ ያብባሉ። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ለእኛ አየር ምቹ ዝርያዎች ናቸው። ነገር ግን ቶሎ የሚያብብ ዛፍ ቶሎ በውርጭ ይመታል። የእኛ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው አመዳይ ምን እንደሚያደርግ የባቄላ ገበሬ ይንገራችሁ። አና ቀድማ ብታብብና ውርጭ ቢያጋጥማት የዓመቱ ፍሬ በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ዘግይቶ የሚነቃው ኮምጣጣው ግን አብሯት አይመታም። በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ዓይነት ጠባይ ያለው ዛፍ መኖሩ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ቅዝቃዜው ለማይበቃው ዛፍ ደግሞ ዘዴ አለ። ኢንዶኔዢያ ውስጥ፣ ባቱ በምትባል ደጋ፣ ገበሬዎች ፍሬውን ከለቀሙ በኋላ ቅጠሉን በእጃቸው ያራግፋሉ። ዛፉ ቅጠሉን ሲያጣ ያረፈውን እንቡጥ ይቀሰቅሳል። ኢኳቶር አጠገብ ሆነው አፕል የሚለቅሙት በዚህ ነው። እኛም ልንሞክረው እንችላለን። ቅርንጫፎቹን ወደ ጎን ጎንበስ አድርጎ ማሰርም ይረዳል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያድግ ቅርንጫፍ ቅጠል እንጂ አበባ አይወድም። የእኛ ዛፍ ለረጅም ጊዜ አልተገረዘም። መሐሉ ጨለማ ነው። ፀሐይ የማያገኝ ቅርንጫፍ ከየት አምጥቶ ያፍራ? በዓመት አንድ አራተኛውን ብቻ እየገረዙ በሦስት፣ በአራት ዓመት መልክ ማስያዝ ይቻላል። በአንድ ጊዜ ከተገረዘ ደንግጦ የማይረባ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ብቻ ያወጣል። ለጊዜው የብናኙን ጉድለት ለመሙላት ደግሞ ከሌላ ሰው አፕል ያበበ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ውኃ በያዘ ባልዲ ነክሮ፣ ዛፉ ላይ መስቀል ነው። ንቧ የቀረውን ትሠራለች።

ከውጭ የመጣ ነው፣ ቅርስ አይባልም የሚለው ክርክር ከስድስቱ ሁሉ ልቤን የነካኝ ነው። አፕል በጠቅላላው ከውጭ የመጣ ነው። የአፕል ሁሉ አባት የሚበቅለው ቲየን ሻን በሚባለው ተራራ፣ ካዛክስታን ውስጥ ነው። እንግሊዝም አፕሉን ከምሥራቅ ነው ያገኘችው። በዚህ መስፈርት ከሄድን አናም መጤ ናት፤ ኮምጣጣውን አስወጥቶ እሷን የሚያስገባ ሕግ ከየት መጣ? ወደ ራሳችን ማሳ እንምጣ። በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ነው። በቆሎም እንደዚያው። በለስ የሜክሲኮ ተክል ነው፤ ዛሬ ወሎና ትግራይን ያለ እሱ ማን ያስባል? ባሕር ዛፍ የምኒልክ ዘመን መጤ ነው። ድንች እንኳ ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰው ነው ይባላል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1850ዎቹ መጨረሻ ነው። የደጋው ወሎዬ ድንቹን መጤ ነው ብሎ ሲነቅል አላየሁም። ጨንቻ ላይ አፕል የገባው በሚስዮናውያን እጅ ነው፤ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ። የጋሞ ገበሬ ግን ተማረው፣ አዳቀለው፣ ችግኙን እየሸጠ ልጅ አስተማረበት። ዛሬ የጨንቻ አፕል ሲባል የጋሞ ነው።

ኮምጣጣውን ማን እንዳመጣው ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። አንዱ ሚስዮን ነው ይላል፤ ሌላው የግብርና ሠራተኛ ነው ይላል። አምጪው ማንም ይሁን ማን፣ ያቆየው ይህ መንደር ነው። በድርቁ ዘመን ማገዶ ሲጠፋ እንኳ አልተቆረጠም። ጥላው ሥር አበጋር፣ አስታራቂው ሽማግሌ፣ ተቀምጦ ደም አድርቋል። ቅሬው ሰብሰብ ብሎ ለቅሶ የተከፋፈለው እዚያ ነው። ያንን ሁሉ ዓመት እየጠበቁ ያኖሩት ሰዎች ቅርስ ነው ካሉ ቅርስ ነው።

ተባዩን በአጭሩ ልለፈው። ግንዱ ላይ የሚታየው ነጭ ጥጥ መሳይ ክሽክሽ እውነት ነው፤ ጎጂም ነው። ሥርም ላይ ይኖራል። ግን አሮጌውን ዛፍ ስለቆረጥን ከማሳው አይጠፋም፤ ወጣቱንም ይይዛል። የተጠቃውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቃጠል፣ ቁስሉን በሳሙና ውኃ በብሩሽ መፈግፈግ ይረዳል። ያገኙትን ኬሚካል ሁሉ መርጨት ግን ክሽክሹን የምትበላውን ጥቃቅን ተርብ ይገድላል። አዲስ ለሚተከለው ደግሞ መፍትሔው ከሥር ነው፦ ኤምኤም 106 የሚባለው የሥር ግንድ (ቀንበጥ የሚገጠምበት ሥር ያለው ግንድ) ይህንን ክሽክሽ እንዲቋቋም ተብሎ እንግሊዝ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። ችግኝ ስንገዛ ከላይ ያለውን ዝርያ ብቻ ሳንጠይቅ ከታች ያለውንም እንጠይቅ።

የቦታው ነገር የሒሳብ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው በአንዱ ዛፍ ቦታ አሥር ችግኝ ይተከላል ብለዋል። የዛፉ ጥላ ከዳር ዳር ስምንት ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ 50 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ኤምኤም 106 ላይ የተዳቀለ አፕል በየ3 ሜትር ተኩሉ ነው መተከል ያለበት፤ ለአንዱ 12 ካሬ ሜትር ማለት ነው። የሚገባው አራት ነው። አሥር ከተጠቀጠቀ በአምስተኛው ዓመት እርስ በርሱ ይተናነቃል። በዚያ ላይ ማሳው ከምሥራቅ በኩል ባዶ ነው፤ ለአናና ለዶርሴት ጎልደን የሚበቃ ቦታ እዚያው አለ። ጸሐፊው ጣፋጭ አፕል ይተከል ማለታቸውን ከልቤ እደግፋለሁ። ጉድጓድ ስንቆፍር አብሬ እቆፍራለሁ። አንዱን ለመትከል ሌላውን መግደል ግን አያስፈልግም።

ስለዚህ ለቅሬው ዳኛና ለሽማግሌዎቹ ይህን አቀርባለሁ። ዘንድሮ መጥረቢያው ይቆይ። ታኅሣሥና ጥር ብርዱ ሲጠና ዛፉ ሲያርፍ፣ ፀሐይ ካገኘው ጎን ሃያ፣ ሠላሳ ቀንበጥ ይቆረጥ። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። የበልጉ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ኤምኤም 106 ላይ ይዳቀል። ማዳቀል የሚችል እጅ መንደራችን ውስጥ አለ፤ አቮካዶ ከሚያዳቅሉት ልጆች ሁለቱ ፈቃደኛ ናቸው። ጥያቄ ካለን ስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሩቅ አይደለም፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴ ነው። ችግኞቹ ሲይዙ ሁሉም በማሳው አይቀመጡ። ግማሹ ለየቤቱ ይከፋፈል፤ አንዱ መስጊድ ግቢ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይተከል። ገረዛው በጅጌ ይሠራ፤ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። የብናኝ ጎረቤት የሚሆኑት አናና ዶርሴት ጎልደንም በዚያው ክረምት በምሥራቁ በኩል ይግቡ።

የተዳቀሉት ይዘው ሁለት ክረምት ካለፉ በኋላ ጸሐፊው አሮጌው ይቆረጥ የሚለውን ሐሳባቸውን ለቅሬው ቢያቀርቡ መብታቸው ነው። ያኔ ጉዳዩ የቦታና የጥላ ጉዳይ ይሆናል፤ ዝርያ ይጠፋል የሚል ስጋት አይኖርበትም። በዚያም ስብሰባ ላይ እገኛለሁ፤ አይቆረጥ ብዬም እከራከራለሁ።